ብርድ ያስጌጠው ቤት፦ ቀለም፣ ጥለትና ስጋጃ በሰሜን ሸዋ

የሰሜን ሸዋን ቤት ጌጥ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ወደ ታች ይመልከት። ዋናው ነገር ያለው ወለሉ ላይ፣ መደቡ ላይ፣ አልጋው ላይ ነው። ምክንያቱ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የመንዝ ደጋማ ክፍል ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ እዚያ ያለው ጓሳ የተባለው ሣራማ ደጋ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ቤቱን ሲያሰናዳ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሙቀት ነው። ውበቱ ኋላ የመጣ ነው፤ ግን ደህና አድርጎ መጥቷል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የመንዝ በግ ነው። በቁመቱ ትንሽ ነው። ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ብርድም የመኖ እጥረትም ይችላል። መልኩ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ አንዳንዴም ቡራቡሬ ነው። የአካባቢው የሱፍ ሥራ ቀለሞችም እነዚሁ ናቸው። ነጭና ጥቁር ጠጉር አብሮ ከተነደፈ ግራጫ ይወጣል። ቡናማው ራሱ ከቀላ እስከ ጠቆረ ብዙ ደረጃ አለው። ማቅለሚያ ሳይገዛ፣ በጉ በሰጠው ቀለም ብቻ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ማልበስ ይቻላል። ይህ ቀለም ደግሞ በፀሐይ ቢለቅ እንኳ አያሳፍርም፤ ትንሽ ይፈዛል እንጂ መልኩ አይጠፋም።

ሥራው በቤተሰብ የተከፋፈለ ነው። በጉ ይሸለታል። ጠጉሩ ይታጠባል፤ ጭቃው፣ እሾሁና ቅባቱ ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ይነደፋል። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሽመናው በአብዛኛው የወንዶች ነው። ከዚህ በርኖስ ይወጣል፤ ትከሻ ላይ የሚጣለው ከባድ የሱፍ ካባ። ባናም ይወጣል፤ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ። ዝተትም አለ፤ ከስርም ከላይም የሚያገለግል። ባና ቀን መደብ ላይ ተነጥፎ እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ሌሊት ያው ባና ይለበሳል። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ መሥራቱ የድሮውን ቤት ሳይጨናነቅ አቆይቶታል። የዛሬ ሳሎኖች ይህን ጠባይ ቢማሩት ጥሩ ነበር።

ከሱፍ ጨርቅ በፊትም ቆዳ ነበር፤ ዛሬም አለ። አጎዛ ማለት ጠጉሩ ሳይላጭ የለፋ የበግ ቆዳ ነው። መደብ ላይ ይነጠፋል። የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ሲመጣ ወፍራሙና ንጹሑ አጎዛ ተራግፎ ይቀርባል። የትኛው እንግዳ ምን ላይ እንደተቀመጠ ያየ ሰው የቤቱን የአክብሮት ደረጃ ይረዳል። የአጎዛ ችግሩ ቁንጫ ነው። ለዚህ ነው ረፋድ ላይ በመንዝ መንደሮች የድንጋይ አጥር ላይ አጎዛና ባና ተሰጥቶ የሚታየው።

በ1957 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍና የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ስም ከብርድ ልብስ ጋር ተያይዞ ቀረ። የእጅ ሥራው ግን አልሞተም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ከአካባቢው ሱፍ በሚሠሩ ስጋጃዎቿም ትታወቃለች።

በእጅ የሚቋጠር ስጋጃ አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቋሚው ክር በእንጨት ፍሬም ላይ ከላይ ወደ ታች ይወጠራል። ሠራተኛዋ የሱፍ ክሩን በሁለት በሁለት ቋሚ ክር ላይ ትቋጥራለች፤ ትቆርጣለች፤ ቀጣዩን ትቋጥራለች። አንድ ረድፍ ሲያልቅ የአግድሙ ክር ይገባና በብረት ማበጠሪያ ይመታል። መጨረሻ ላይ ፊቱ በመቀስ ይስተካከላል። አንድ መስመር የተሳሳተች እንደሆነ ጥለቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ስለዚህ እየቆጠረች ነው የምትሄደው። የምታዩት አንበሳ፣ መስቀል፣ የአክሱም ሐውልት ወይም ሰያፍ አራት ማዕዘን ሁሉ የቋጠሮ ቆጠራ ውጤት ነው።

ስጋጃ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ጥለቱ ከጀርባም በግልጽ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም ፍጹም እኩል አይሆኑም። ጀርባው በሙጫና በሸራ ከተሸፈነ የፋብሪካ ነው፤ ወይም በእጅ ቢሠራም ቋጠሮ የለውም። ከዚያ ከስጋጃው ፊት አንዲት ክር ለምኑና በክብሪት አቃጥሏት። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ሻጩ ለዚህ ፈተና ፊቱን ካጠቆረ መልሱን አገኛችሁ።

ይህ ፈተና ለጨዋታ አይደለም። የኛ ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል። ቡና ባለበት ፍም አለ። ከምድጃው አንዲት ፍም ብትወድቅ የፖሊስተሩ ምንጣፍ ወዲያው ይቀልጥና ቀዳዳ ይቀራል፤ ቀዳዳውን ለመሸፈን ደግሞ ሶፋው ቦታ ይቀይራል። ሱፍ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ግን እሳቱን አያዛምትም። የጠቆረው ጫፍ በመቀስ ሲከረከም ብዙም አይታወቅም። ሱፍ እርጥበትም ይመጥጣል፤ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ ውኃ ይዞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ክረምቱ ለሚጨፈግገው ለደጋው አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገበያውን የሞላው የቱርክ ምንጣፍ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ቀለሙም ዓይን ይስባል። አልጠላውም። ግን ከሲሚንቶ ወለል የሚመጣውን ብርድ በመከላከል ከሱፉ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። እንጨት በጠፋበት መንዝ ቤቱ በድንጋይና በጭቃ ይሠራል። ጣሪያው የጓሳ ሣር ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮው በብዛት ተክቶታል። የጓሳ ሣር የማንም ግለሰብ ንብረት አይደለም። ሰዉ በደንብ ጠብቆ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ በጋራ የሚያጭደው ነው። ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳም ይሆናል። የውስጡ ግድግዳ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ከዚያ በደቃቅ አፈር ይለሰናል። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል። ነጭ አፈር የተገኘበት መንደር ግድግዳውን ያነጣበታል፤ ቀይ አፈር ያለው ከታች ወገብ ድረስ ያቀላል። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረቡ ይህ ሥራ ይታደሳል። ከተማ ውስጥ ከታች እስከ ወገብ ዘይት ቀለም፣ ከላይ ውኃ ቀለም የሚቀባውም ያንኑ ልማድ የቀጠለ ይመስለኛል። ምክንያቱም አንድ ነው፦ ታችኛው ክፍል ጀርባና እጅ ያገኘዋል።

መስኮቱ ለብርድ ሲባል ትንሽ ነው፤ ጭሱም አለ። ስለዚህ የነጣው ግድግዳ ዓመት ሳይሞላው ይጠይማል። ጋዜጣና የመጽሔት ገጽ በዱቄት ሙጫ መለጠፍ የመጣው ለዚህ ነው። ብርድ ያግዳል፣ አፈር እንዳይራገፍ ይይዛል፣ ቀለምም ይጨምራል። ልጆች ፊደል የለዩበት ግድግዳም ነው። ከላዩ የእመቤታችን ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ፍሬም የገባ የምርቃት ፎቶ ይሰቀላል።

የደማቁ ቀለም ድርሻ የስፌት ነው። ሱፉ በጥቁርና በቡናማ ሲወሰን፣ ስፌቱ ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሐምራዊውንና ቢጫውን ይወስዳል። የስፌቱ ሣር፣ ስንደዶውና አክርማው፣ ይለቀማል፣ ይደርቃል፤ የሚቀለመው ገበያ ላይ በሚሸጥ የዱቄት ቀለም ይነከራል። ሰፊዋ በወስፌ ቀዳዳ እየከፈተች ዙሪያውን ትሄዳለች። ጥለቱ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይሰፋል፤ መስቀል፣ ኮከብ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ስንት ቦታ ቀለም እንደቀየረች ካልቆጠረች ጠርዙ ላይ ስትደርስ ጥለቱ አይገጥምላትም። ሰፌዱና ሙዳዩ ሥራ ሲፈታ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። መሶቡ ጥግ ይይዛል። ያ ሁሉ ጭስ የጠጣ ግድግዳ በሦስት ሰፌድ ሕይወት ሲዘራ ማየት ነው! ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ አበባ ይህን አይሠራም፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ያስቸግራል። እዚህ ሱፍ ቢነጠፍ ማን ይቀመጥበታል? ቦታውን ሰሌን፣ ጠፍር አልጋና የጥጥ ጨርቅ ይይዘዋል። ይፋት የሚባለው ይህ ቆላ ጥጥ የሚበቅልበት አገር ነው፤ አርጎባዎችም በሽመና የታወቁ ናቸው። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረች። የደጋው ዕቃና የቆላው ዕቃ የሚገናኙት እዚያ ነበር። በይፋት ሙስሊም ቤቶች ምንጣፍ የሶላት ቦታ ስለሆነ ንጽሕናው ይጠበቃል፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ደጋው ላይ ደግሞ ስጋጃ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ይገባል። ስለቱ የሰመረለት ሰው ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ተሸክሞ ሲሄድ ማየት በክብረ በዓል ቀን የተለመደ ነው።

አሁን ስላለው የከተማ ቤት ጥቂት። የደብረ ብርሃን ሳሎን በአብዛኛው ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቲቪና ዳንቴል ነው። ዳንቴሉ በሶፋው መደገፊያ፣ በቲቪው ራስ፣ በጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል። ሰሞኑን ደግሞ የዓረብ መጅሊስ ገብቷል። ለብርድ አገር መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ መደብን በስፖንጅ መልሶ ማምጣት ነው። ችግሩ አበባ ያለው መጅሊስ፣ አበባ ያለው መጋረጃና አበባ ያለው ምንጣፍ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ስጋጃው መጀመሪያ ይገዛ። ሌላው ከሱ ይመረጥ። ጥለቱ የበዛ ስጋጃ ካላችሁ መጋረጃው አንድ ወጥ ይሁን፤ ቀለሙም ከስጋጃው ውስጥ ካሉት ትንሽ ቦታ የያዘው ይሁን። የበግ ቀለም ያለው ስጋጃ ከሆነ ግን ነፃነት አላችሁ፤ ቡናማና ግራጫ ከምንም ጋር አይጣሉም። ያኔ አንድ ደማቅ ነገር ጨምሩ፦ ቀይ ጥለት ያለው ትራስ፣ ወይም ሁለት ሰፌድ። ግድግዳውን ነጭ ወይም ክሬም አድርጉት፤ መስኮታችን ትንሽ ነው፣ ብርሃኑን ማባከን የለብንም። ስፋቱንም ለኩ። የሶፋው የፊት እግሮች እንኳ ስጋጃው ላይ ካልደረሱ ስጋጃው መሐል ወለል ላይ የተረሳ ዕቃ ይመስላል። ቡና በሚፈላበት ጥግ ቄጠማው ከስጋጃው ውጭ ይጎዝጎዝ። እርጥብ ቄጠማ ነጭ ሱፍ ላይ አረንጓዴ እድፍ ይጥላል።

ሱፍ የሚፈራው ብልን ነው። ብል ቆሻሻና ጨለማ ይወዳል፤ ስለዚህ ስጋጃ ሳይጸዳ ተጠቅልሎ አይቀመጥ። በወር አንዴ ወደ ፀሐይ ይውጣ፤ ተገልብጦ ከጀርባው ይመታ። ቡና ከፈሰሰበት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መጫን እንጂ ማሸት አይገባም። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው። ፈላ ያለ ውኃ ሱፉን ያኮማትረዋል፤ ከተኮማተረ አይመለስም። ክረምት ላይ ማጠብም አይመከርም። ሐምሌ ላይ የታጠበ ወፍራም ስጋጃ ቶሎ አይደርቅም፤ ሽታው ቤቱን ይይዘዋል። መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ያወጡት ግን አንድ ሁለት ቀን አጥር ላይ ውሎ ደርቆ ይገባል።