የድብቅ አእምሮ ምስሎች ሙዚየም

ሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ባሕሩና ካርኒቫሉ ነው። በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ ኤንዤኙ ጂ ዴንትሩ በሚባል ሠፈር ግን ሌላ ዓይነት ቦታ አለ፤ የድብቅ አእምሮ ምስሎች ሙዚየም። ከ350 ሺህ በላይ ሥራዎች ይዟል። ሠሪዎቹ እዚያው ግቢ በነበረው የአእምሮ ሆስፒታል ለዓመታት የተኙ ሕሙማን ናቸው።

ነገሩን የጀመሩት ዶክተር ኒሴ ዳ ሲልቬይራ ናቸው። በ1905 ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሕክምና ሲማሩ ከክፍላቸው ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። በ1936 በግራ ዘመም መጻሕፍት ሰበብ ታስረው ከዓመት በላይ ከረሙ። ሥራ የተመለሱት በ1944 ነው። በዚያን ጊዜ ሕክምና የሚባለው የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ በኢንሱሊን ራስን ማሳትና የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነበር። ሴትየዋ የንዝረቱን ቁልፍ «አልጫንም» አሉ። ስለዚህ ማንም ወደማይፈልገው ክፍል ተዛወሩ። ሕሙማኑ «የሥራ ሕክምና» እየተባለ ጽዳት የሚሠሩበት ክፍል ነው።

በ1946 መጥረጊያውን አስቀምጠው ብሩሽ አስያዟቸው። አልሚር ማቪኚየር የተባለ ወጣት ሠዓሊ አብሯቸው ሠራ። «ይህን ሳል» የሚል ትእዛዝ የለም። «ታካሚ» የሚለው ቃልም አይጥማቸውም ነበር፤ «ደንበኞቼ» ይሉ ነበር። ውሻና ድመትም የሕክምናው አጋር ሆነው በግቢው ይንጎራደዱ ነበር።

ከሁሉም የፌርናንዶ ዲኒስ ነገር ይገርመኛል። እናቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሀብታሞች ቤት ለሥራ ሲሄዱ ልጁን ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ ቤቶቹም ዓይኑ ውስጥ ቀሩ። እኛ «ሆድ ይፍጀው» ብለን የምናልፈው ዓይነት ምኞት ነው። በመጀመሪያ ሥዕሎቹ ዕቃው ሁሉ ተደበላልቋል። በኋላ ወንበሩ ለብቻው፣ ጠረጴዛው ለብቻው ይወጣል። ቀስ በቀስ ሙሉ ሳሎን ይቆማል። አንዱን ሥዕል ብቻ ያየ ሰው ይህን አይረዳም፤ በተርታ መታየት አለባቸው። ዶክተሯ ሥዕሎቹ እንዳይሸጡ አጥብቀው የያዙትም ለዚህ ነው። እኔም ትክክል ነበሩ እላለሁ። ተሸጠው ቢበታተኑ የፌርናንዶ ሳሎን መልሶ ይፈርስ ነበር።

ኤሚግዲዮ ዴ ባሮስ ደግሞ ሆስፒታል የገባው በ1924 ነው። ብሩሽ ሲይዝ እዚያ ከገባ 23 ዓመት አልፎታል። አዴሊና ጎሜስ የምትወደውን ሰው እናቷ ከለከሏት፤ ሥዕሎቿ ውስጥ ሴቶች ወደ አበባነት ይለወጣሉ።

በ1949 የዘጠኝ ሕሙማን ሥራ በሳኦ ፓውሎ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ታየ። ክርክርም ተነሳ። ይህ ጥበብ ነው ወይስ የሕመም ምልክት? ሐያሲው ማሪዮ ፔድሮዛ ጥበብ ነው ብሎ ተሟገተ።

ሙዚየሙ በ1952 ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተሯ ስለ ድብቅ አእምሮ ላጠናው የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም ለካርል ዩንግ ደብዳቤ ላኩ። «ተበታትኗል» የሚባል አእምሮ ክብ እየደጋገመ መሳሉ ገርሟቸው ነበር። በ1957 ዙሪክ ላይ ሥዕሎቹ ሲታዩ ዩንግ ራሱ ተገኘ።

ኒሴ በ1999 አረፉ። የሥዕል ክፍሎቹ ዛሬም ይሠራሉ። አሁን የሚመጡት ሰዎች ግን ስለው ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።