ኤስኤልሲ ካሽ ምንድን ነው? ርካሽ ኤስኤስዲ ኮፒ መሃል ላይ ለምን ይደክማል?

አዲስ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠም፣ መረጃን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ገጠማችሁ። ለመሞከር ያህል 200 ጊጋባይት የሚሆን የቪዲዮ ፎልደር ከሌላ ፈጣን ዲስክ ኮፒ ማድረግ ጀመራችሁ። የዊንዶውስ አረንጓዴ ግራፍ እንደ ሜዳ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤ ቁጥሩም ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ብዙም አይርቅም። ደስ ብሏችሁ ተነሥታችሁ ስትመለሱ ግን ግራፉ ገደል ገብቶ ታገኙታላችሁ። በሰከንድ 1500 ሜጋባይት ሲጽፍ የነበረው ዲስክ 100 ላይ ያዘግማል፤ "1 ደቂቃ ቀረ" ይል የነበረው መስኮት አሁን 20 ደቂቃ ይላል።

ዲስኩ አልተበላሸም። አስመስለው የሠሩት የውሸት ዕቃም ላይሆን ይችላል። የሆነው ኤስኤልሲ ካሽ የሚባለው፣ ዲስኩ አዲስ መረጃን መጀመሪያ በፍጥነት የሚቀበልበት ጊዜያዊ ማረፊያ ሞልቶ ነው። ለቤት ኮምፒውተር ርካሽ ኤስኤስዲ ሊገዛ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀልለታል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጻፍ ፍጥነት የካሹ ፍጥነት ነው። ካሹ ሲያልቅ የሚመጣውን ፍጥነት ካርቶኑ አይነግራችሁም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንዱን ሴል ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ኤስኤስዲ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥበት ቺፕ ናንድ ፍላሽ ይባላል፤ የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ያደረጉት ፈጠራ ነው። ቺፑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም አይለቅም። መረጃው የሚነበበውም ሴሉ ውስጥ ምን ያህል ቻርጅ እንዳለ በመለካት ነው።

አንድ ሴል አንድ ቢት (0 ወይም 1) ብቻ እንዲይዝ ከተደረገ ጥያቄው ቀላል ነው፦ አለ ወይስ የለም? ሁለት ደረጃ ብቻ። ይህ ኤስኤልሲ ይባላል። ሁለት ቢት ይያዝ ከተባለ አራት ደረጃ ያስፈልጋል፣ ኤምኤልሲ ነው። ሦስት ቢት ስምንት ደረጃ ይፈልጋል፣ ቲኤልሲ ይባላል። አራት ቢት ደግሞ 16 ደረጃ፣ ኪውኤልሲ። ዛሬ በቤት ኮምፒውተር ኤስኤስዲዎች ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው።

አንድ ብርጭቆ አሳይተው "ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?" ቢሏችሁ ከበር ላይ ሆናችሁ ትመልሳላችሁ። ጎኑ ላይ 16 ጭረት ያለበት ብርጭቆ ሰጥተው "ልክ አሥራ አንደኛው ጭረት ድረስ ውሃ ሙላበት" ቢሏችሁ ግን ሥራው ሌላ ነው። ትንሽ ታንጠባጥባላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ደግሞ ትንሽ ትጨምራላችሁ። የኤስኤስዲው ኮንትሮለርም (የዲስኩን ሥራ የሚመራው ቺፕ) የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ቻርጅ ይጨምራል፣ ይለካል፣ ይጨምራል፣ ይለካል። ጭረቶቹ በተቀራረቡ ቁጥር መጻፉ ይዘገያል፣ ሴሉም ቶሎ ያረጃል። እንግዲያው ለምን ይደከማል? አንድ ዓይነት ቺፕ በኪውኤልሲ ሲጻፍበት በኤስኤልሲ ከሚይዘው አራት እጥፍ ስለሚይዝ ነው። የዋጋው መርከስ ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

አምራቾቹ ያገኙት ብልሃት ታዲያ ይህ ነው። 16 ደረጃ ሊይዝ የሚችል ሴል ሁለት ደረጃ ብቻ እንዲይዝ የሚከለክለው የለም። ስለዚህ ኮንትሮለሩ ከሴሎቹ የተወሰኑትን እንደ ኤስኤልሲ ይጠቀምባቸዋል፣ አዲስ የመጣ መረጃ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ በፍጥነት ይራገፋል። ቤት ሲቀየር ዕቃ ከመኪና ወርዶ በረንዳ ላይ እንደሚከመረው ማለት ነው። መኪናው ቶሎ ይሄዳል፤ ዕቃው ወደየክፍሉ የሚገባው በኋላ፣ በተረጋጋ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ኮንትሮለሩ በረንዳው ላይ ያለውን አንሥቶ በቲኤልሲ ወይም በኪውኤልሲ እየጠቀጠቀ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በረንዳውንም ባዶ ያደርጋል። ሰውየው ይህን ሁሉ አያይም። ችግሩ የሚታየው ዕቃው ከበረንዳው ሲበልጥ ነው። ያኔ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። እንዲያውም ኮንትሮለሩ አንዳንዴ ባንድ እጁ አሮጌውን ከበረንዳ እያስገባ ባንድ እጁ አዲሱን ስለሚቀበል ፍጥነቱ ከተለመደው የኪውኤልሲ ፍጥነት በታች ሊወርድ ይችላል።

በረንዳው ምን ያህል ሰፊ ነው የሚለው ከዲስክ ዲስክ ይለያያል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 840 ኢቮ የ250 ጊጋባይቱ ሞዴል ካሽ 3 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ የተወሰነ፣ የማይለዋወጥ። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ተለዋዋጭ ካሽ ነው፤ ዲስኩ ባዶ ሲሆን ይሰፋል፣ እየሞላ ሲሄድ ይጠብባል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኢንቴል 660ፒ ነው። የ1 ቴራባይቱ ሞዴል ባዶውን ሳለ እስከ 140 ጊጋባይት የሚደርስ ካሽ ነበረው፤ ሊሞላ ሲቃረብ ግን የሚቀረው 12 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዲስኩ አንድ፣ ሞዴሉ አንድ፤ ጠባዩ ግን ሁለት።

ለምን እንደሚጠብብ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ኪውኤልሲ ዲስክ ላይ 1 ጊጋባይት መረጃ በኤስኤልሲ ሲጻፍ የ4 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ባዶ ቦታው 800 ጊጋባይት ከሆነ ካሹ ቢበዛ 200 ሊደርስ ይችላል፤ ባዶ ቦታው 80 ከሆነ ግን 20 ነው። ኤስኤስዲን አፍ እስከ ገደፉ አትሙሉ የሚባለው ምክር የመጣው በከፊል ከዚህ ነው። እኔ ከአምስት እጅ አንዱን ባዶ እተዋለሁ፤ ቦታው ሲያጓጓኝ እንኳ።

አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዘን ሰዓት እንቁጠር። የሳምሰንግ 870 ኪውቪኦ 1 ቴራባይት ሞዴል ሳታ በሚባለው የቆየ የዲስክ ማገናኛ ገመድ የሚሠራ ነው፤ የመጻፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 530 ሜጋባይት ተብሏል። አምራቹ በራሱ የዝርዝር ሰነድ ላይ ካሹ እስከ 42 ጊጋባይት እንደሆነና ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 80 እንደሚወርድ በግልጽ ጽፎታል፤ ለዚህ ሐቀኝነቱ ሊመሰገን ይገባል፣ ብዙዎቹ አይጽፉትም። ያንን የ200 ጊጋባይት ፎልደር ብንጭንበት የመጀመሪያዎቹ 42 ጊጋባይቶች በ80 ሰከንድ ገደማ ይገባሉ። የቀሩት 158 ግን 33 ደቂቃ ይፈልጋሉ። በሰከንድ 150 ሜጋባይት የሚጽፍ አንድ ተራ ሃርድ ዲስክ ይህንኑ ሥራ በ22 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲን ቀደመ ማለት ነው፣ በዚህ በአንዱ ሥራ።

ይህን ያነበበ ሰው "እንግዲያ ኪውኤልሲ አልገዛም" ሊል ይችላል። ቸኩሏል። ቤት ውስጥ 42 ጊጋባይት ባንድ ትንፋሽ የምንጽፈው በወር ስንት ጊዜ ነው? ኮምፒውተር ማስነሣት ማንበብ ነው። ፕሮግራም መክፈት ማንበብ ነው። ካሹ ማለቁ የሚጎዳው መጻፍን ነው። ጌም ወይም ትልቅ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ መጻፍ ቢሆንም መስመራችሁ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ የሚመጣው መረጃ ከ12.5 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ካሹ ያለቀበት ኪውኤልሲ እንኳ ይህን ሳያልበው ይጽፈዋል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ በተራ ቀን ጭንቅላቱን ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰ አንዲት ትንሽ ፋይል ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የትኛውም ርካሽ ኤስኤስዲ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የዘገየ ላፕቶፕ ነፍስ የሚዘራው በዚህ እንጂ ካርቶኑ ላይ ባለው ትልቅ ቁጥር አይደለም።

የሚገርመው፣ አብዛኛው ሰው አዲሱን ኤስኤስዲ ገዝቶ የሚያደርገው የመጀመሪያ ሥራ ለካሹ ከሁሉ የከፋው መሆኑ ነው፦ የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ማታ የድሮ ዲስኬን ስገለብጥ ፍጥነቱ ሲያሽቆለቁል ገመዱ ነው ብዬ አቋርጬ ቀየርኩ፣ ደግሜ ጀመርኩ፣ ያው ቦታ ላይ ሲደርስ ያው ሆነ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሬ በፊት ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ዲስክ ከዚያ ማታ በኋላ ሲደክም አይቼው አላውቅም። በየቀኑ ቪዲዮ የሚያቀናብርና በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ከካሜራ የሚያራግፍ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ቲኤልሲ ነው፣ ያውም ካሹ ሲያልቅ በሰከንድ ስንት እንደሚጽፍ ተመርምሮ የተገኘ።

ስለ ምርመራ ካነሣን፣ ሰዎች "ይኸው ፍጥነቱ" ብለው የሚያሳዩት የክሪስታልዲስክማርክ (የዲስክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ምስል ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው ነገር የለም። ፕሮግራሙ ሳይነካካ ሲቀር የሚሞክረው በ1 ጊጋባይት ፋይል ስለሆነ ሁልጊዜም በረንዳው ላይ ያርፋል። ገዢ ሊፈልገው የሚገባው ዲስኩ ሳይቋረጥ በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ሲጻፍበት የሚያሳየውን ግራፍ ነው፤ ጠንቀቅ ያሉ ገምጋሚዎች ይህን ያወጣሉ። የግምገማውን ቀን ግን እዩ። አንዳንድ አምራቾች የሞዴሉን ስም ሳይቀይሩ ውስጡ ያለውን ቺፕ ይቀይራሉ፣ ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት የተመሰገነው ዲስክና ዛሬ የምትገዙት በስም ብቻ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

ግምገማ ካጣችሁ ዋስትናው ፍንጭ ይሰጣል። ቲቢደብሊው የሚባለው ቁጥር በዋስትናው ዘመን ስንት ቴራባይት ሊጻፍበት እንደሚችል የሚናገር ነው። 1 ቴራባይት በሚይዙ ቲኤልሲ ዲስኮች ላይ 600 የተለመደ ነው፤ የ660ፒው 200 ነበር፣ የ870 ኪውቪኦው 360 ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ስታዩ ኪውኤልሲን ጠርጥሩ። ቁጥሩ በራሱ ግን አያስፈራ፤ በቀን 30 ጊጋባይት የሚጽፍ ሰው 360 ቴራባይት ለመጨረስ ከ30 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ካሹን ከዲራም ጋር የሚያምታቱም አሉ። ዲራም ኮንትሮለሩ "የትኛው መረጃ የት ሴል ላይ ነው" የሚለውን ካርታ የሚይዝበት ሌላ ቺፕ ነው፣ ርካሾቹ ይህንም ይቀንሱታል። ኤንቪኤምኢ የሆነ ዲስክ (ከሳታ የሚፈጥነው አዲሱ ዓይነት) ዲራም ባይኖረው ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂት ሜጋባይት መበደር ይችላል፤ ለቤት ሥራ ይበቃዋል። የሳታ ዲስክ ግን ይህ መንገድ የለውም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ለምጭንበት ዲስክ ዲራም የሌለው ሳታ ባልገዛ እመርጣለሁ።

ባጀቱ ሁለት አማራጭ ከሰጠኝ፣ ማለትም ትልቅ የፍጥነት ቁጥር ያለው ትንሽ ዲስክና መካከለኛ ቁጥር ያለው ትልቅ ዲስክ፣ ሁለተኛውን እወስዳለሁ። ትልቁ ብዙ ቺፕ ስላለው ባንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይጽፋል፣ ካሹም ይሰፋል። የ870 ኪውቪኦው ባለ 2 ቴራባይት ሞዴል ካሹ 78 ጊጋባይት ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚጽፈውም በሰከንድ 160 ሜጋባይት፣ የታናሹን ልክ ሁለት እጥፍ።

እጃችሁ ላይ ያለው ዲስክ ኮፒ መሃል ቢደክም ደግሞ ፎልደሩን ከፋፍላችሁ በየመሃሉ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉት። ኮምፒውተሩን አታጥፉ፣ በዩኤስቢ የተሰካም ከሆነ አትንቀሉት፤ በረንዳው በደንብ የሚጸዳው ዲስኩ ኃይል እያገኘ ሥራ ሲፈታ ነው። ስትመለሱ ግራፉ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይጀምራል።