የኢንተርኔት እገዳን መቃወም በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾችን እየመረጠ መዝጋቱ በሰፊው የተመዘገበው ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የ97ቱ ምርጫ ትኩሳት ገና አልበረደም ነበር። ናዝሬት ዶት ኮም፣ ኢትዮጵያን ሪቪውና ሳይበር ኢትዮጵያ የተባሉት ድረ ገጾች አገር ውስጥ አልከፈት አሉ። ማንም የግል ብሎግ የሚከፍትበት ብሎግስፖትም በጅምላ ተዘጋ፤ ስለ ዶሮ ወጥ የሚጽፍም ከፖለቲከኛው ጋር አብሮ ቀረ።

መንግሥት "አልዘጋሁም" ይል ነበር። ለማስተባበል ደግሞ ይመች ነበር። አንዳንድ አገር ገጹ መታገዱን የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል። እኛ ጋ ግን ገጹ ሲሽከረከር ቆይቶ "ሊገኝ አልቻለም" ብሎ ያርፋል። ኔትወርክ ይሁን እገዳ፣ የኢንተርኔት ካፌው ልጅም አያውቅም። ያኔ የነበረው አንድ ቴሌ ብቻ ስለሆነ ሌላ መስመር ሞክሮ ማመሳከር አይቻልም ነበር። የእነዚያ ዓመታት ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ ድምፅ አልነበረውም፤ እገዳውን አዙሮ የሚያሳልፍ የፕሮክሲ አድራሻ መቀባበል ነበር።

በግንቦት 2004 ቶር የተባለው ማንነት የሚደብቅ መረብም ተዘጋ። የቶር ባለሙያዎች የመረጃውን ይዘት እየፈተሸ የሚለይ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ መዋሉን ተናገሩ። በዚያው ዓመት ዞን ዘጠኝ የተባለው የብሎግ ጸሐፊዎች ቡድን ተመሠረተ። ስሙ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት የመጣ ነው። እዚያ ስምንት ዞኖች ነበሩ፤ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው። መፈክራቸው "ስለሚያገባን እንጦምራለን" ነበር። "ጦማሪ"፣ ማለትም ብሎግ ጸሐፊ፣ የሚለው ቃል በሰው አፍ የገባው በአብዛኛው በእነሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብሎጋቸው ብዙም ሳይቆይ ታገደ። እነሱ ግን በፌስቡክ ዘመቻ ቀጠሉ። የጠየቁት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሕገ መንግሥቱ ይከበር ነው ያሉት። አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) በማንኛውም መልኩ ይከለክላል።

ከሚያዝያ 17 ቀን 2006 ጀምሮ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ክሱ ሽብር ነበር። ከቀረበባቸው ነገር አንዱ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነው። የይለፍ ቃልን አጠንክሮ መያዝ ወንጀል ሆኖ ቀረበ ማለት ነው! በሐምሌ 2007፣ ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ጥቂት ሲቀር፣ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። የቀሩትን ጦማሪዎች ፍርድ ቤት ጥቅምት 5 ቀን 2008 ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው። በፍቃዱ ኃይሉ ብቻ በቀለለ ክስ እንዲከላከል ተባለ። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች መብት ተሟጋች ሲፒጄ ሽልማት ሰጣቸው። ይገባቸዋል።

በ2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እገዳው ጠነከረ።

ሰኔ 15 ቀን 2010 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፍጹም አረጋ 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን አስታወቁ። እነዚያ ሁሉ "አልተዘጉም" ሲባሉ የኖሩ መሆናቸው ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ ከሚመረጥ ገጽ ይልቅ መስመሩ ራሱ መቆረጡ በዛ፤ ትግራይ ላይ ከጥቅምት 2013 በኋላ የሆነው ከሁሉም የከፋ ነው። በየካቲት 2015 በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ቀውስ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ። እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ቆየ። ያኔ እገዳን አልፎ የሚያስገባው ቪፒኤን የባለሙያዎች ነገር ብቻ መሆኑ አበቃ። እኔ ራሴ ለሁለት አክስቶቼ ጭኛለሁ። አንዷ እስካሁን "ያንን ቁልፍ" ሳትነካ ዩቲዩብ አትከፍትም።