የውጭ አገር ጉዲፈቻ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያዊ ሕፃን በውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ የሚወሰድበት በር ከጥር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝግ ነው። ከዛ በፊት ግን በተለይ ከ1997 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት አገራችን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ብዙ ልጅ ከሚሄድባቸው አገሮች አንዷ ነበረች።

የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኦሮሞው በጉዲፈቻ ባህሉ የወሰደውን ልጅ ከወለደው አይለይም፣ በሰሜኑም ማር የተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግ የቆየ ወግ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ጉዲፈቻን አካቷል። በንጉሡ መጨረሻ አካባቢ ወደ ስዊድን የሄዱ ልጆች ነበሩ፣ ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን አንዱ ነው፤ እናቱ በቲቢ ስትሞት ከእህቱ ጋር ጎተንበርግ ለሚኖሩ ባልና ሚስት ተሰጡ፣ አባታቸው የለም ብለው አደጉ፣ ትልልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ግን አባትየው በሕይወት ተገኘ (ይሄን ነገር ያዙት፣ ኋላ ይመጣል)። በደርግ ጊዜም የሄዱ አሉ።

ዋናው ነገር የሚጀምረው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ሕጉ እውነት ለመናገር በደንብ የታሰበበት ሕግ ነው። ወላጆች በሕይወት ካሉ የሁለቱም ስምምነት ይፈለጋል፣ ጉዲፈቻ አድራጊው የውጭ ዜጋ ከሆነ የሕፃናትን ደህንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት አስተያየት ሳይሰጥ ፍርድ ቤት ማጽደቅ አይችልም። አንቀጽ 183 ደግሞ ልጁ ከሥጋ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም ይላል። ችግሩ ልጁ የሚሄድበት አገር ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል፣ እዚህ የፈረመችው እናት ልጄ ተምሮ ይመለሳል፣ ይጠይቀኛል ብላ ነው፣ እዛ የተቀበሉት ደግሞ ያለቀለት ጉዳይ ብለው ነው። ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ እምብርት እዚች ጋ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ጉዲፈቻ የሚያስፈጽመው ኤጀንሲ አሳዳጊ ቤተሰቡንና ልጁን ያገናኛል፣ ፋይሉ በሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ልደታ ወዳለው የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ በሕይወት ያለ ወላጅ ወይም ዘመድ ከወላይታም ይሁን ከከምባታ መጥቶ ዳኛው ፊት ይጠየቃል፣ ከጸደቀ አዲስ የልደት ሰርተፍኬትና ፓስፖርት ይወጣል። እዛ ላይ የልጁ ስም በኛ ደንብ ነው የሚጻፈው፣ የራሱ ስም ቀጥሎ የአሳዳጊው አባት ስም፣ ለምሳሌ አበበ ጆን ስሚዝ፤ ፈረንጆቹ አገራቸው ገብተው እንደገና በፍርድ ቤት ያስተካክሉት ነበር። አሳዳጊዎች በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዛ ልጁ 18 እስኪሞላው በየዓመቱ ሪፖርት መላክ አለባቸው፣ የላከ አለ ያልላከም አለ።

በሰኔ 1997 መጨረሻ የሆሊውድ ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ከአዲስ አበባ ልጅ ወሰደች፣ ከዛ በኋላ ነገሩ ናረ፣ በሷ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቀበለችው 440 ገደማ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ2,500 በላይ ሆነ፣ በዛ ዓመት ኢትዮጵያን የበለጠቻት ቻይና ብቻ ናት። በጠቅላላ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም ብዙ ወስደዋል።

ለአንድ ልጅ ከ20,000 ዶላር በላይ እየተከፈለ ደላላ አይገባበትም ማለት ዘበት ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ኖረው በፈቃዳቸው የሰጡትን ልጅ ወላጅ አልባ ብሎ ቪዛ አይሰጥም፣ ስለዚህ በሕይወት ያለ አባት ሞተ ወይም ጠፋ ተብሎ እንዲጻፍ የሚገፋ ነገር ነበር። ሁሉም ኤጀንሲ እንደዛ አደረገ አይባልም፣ ነገር ግን በየካቲት 2006 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት መቀመጫው ሳውዝ ካሮላይና የሆነ ኤጀንሲ ሰዎችን በኢትዮጵያ ሐሰተኛ የጉዲፈቻ ሰነድ ከሷል፣ ጥፋታቸውንም ያመኑ አሉ። በግንቦት 2003 ደግሞ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከኛ የሄደች ልጅ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በብርድና በረሃብ ሞተች፣ እናትየው 37 ዓመት፣ አባትየው ወደ 28 ዓመት ተፈረደባቸው። አገር ቤት ብዙ ሰው ያስቆጣ ጉዳይ ነበር።

መንግሥት ግን ከዛም በፊት ተነስቶ ነበር። የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በመጋቢት 2003 በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን ፋይል ወደ 5 አወረደው፣ ውጭ ያሉ ኤጀንሲዎች ጮሁ፣ ሥራው ግን ትክክል ነበር። ዴንማርክ በ2008 ከኢትዮጵያ መቀበል አቆመች። በሚያዝያ 2009 ሁሉም ታገደ፣ በጥር 2010 ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ በሩን ዘጋው። ሕፃናት በአገራቸው፣ በወገናቸው እጅ ይደጉ የሚለው የሕፃናት ፖሊሲም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እገዳው ልጆችን ማሳደጊያ ውስጥ አስቀርቷል የሚሉ አሉ፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ገና ስላልተለመደ ጭራሽ ውሸት ነው አይባልም።

አሁን የሄዱት አድገዋል፣ ቤተሰብ ፈላጊው በዝቷል። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባለው ድርጅት ኦንላይን መዝገብ ከፍቶ እዚህ ያሉ እናቶችንና እዛ ያሉ ልጆችን ያገናኛል፣ ሁለቱም ወገን ነው የሚመዘገበው። ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚይዙት የልደታውን የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፣ የፈረመው ዘመድ ስምና ቀበሌ እዛ ላይ አለ፣ ትክክል ተጽፎ ከሆነ።