የወሎ ቅኝቶች በፈንክ፣ በላቲንና በጃዝ ባንድ

ኢትዮ-ጃዝ የአገራችንን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ፣ ከላቲን አሜሪካ ምትና ከፈንክ (ምቱ ከጠነከረው የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ) ጋር አዋህዶ የሚጫወት የባንድ ሙዚቃ ነው። ያደገው በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ ቢሆንም ከቆመባቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የወሎ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው፤ ባቲ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኘው በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ትዝታና አንቺ ሆዬም የወሎ ናቸው ይባላል። ትዝታ በደጋው አገር ሁሉ የሚዘፈን በመሆኑ ነገሩ ሊያከራክር ይችል ይሆናል፤ ስለ አምባሰልና ስለ ባቲ ግን ክርክር የለም።

ስልቱን መሥርቷል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በእንግሊዝ ከተማረ በኋላ ቦስተን በሚገኘው የበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ አቀና። እ.ኤ.አ. በ1966 ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር ሁለት አልበሞችን አሳተመ። በነዚህ ሥራዎች በእጅ የሚመታው ረጅም ከበሮ ኮንጋና በመምቻ የሚመታው ባለ ብረት ቁልፍ ቫይብራፎን ይጎላሉ፤ ላቲኑም ከአገር ቤቱ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ በተቀረጸው አልበሙ ሚዛኑ ወደ ቅኝቱ አጋደለ፤ በእግር ፔዳል ድምፁን «ዋ-ዋ» የሚያሰኙት የዋዋ ጊታርና የፈንክ ባስም ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ በአምሃ ሪከርድስ የወጣው «የካቲት» ይህንኑ መንገድ ቀጠለ። በነዚሁ ዓመታት ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ከሙላቱ በፊት የአገር ቤት ዜማን ለትልቅ ባንድ ያቀናበረው አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኔርሰስ ናልባንዲያን ስለሆነ የጀማሪነቱ ክብር ለእሱም ይገባል የሚሉ አሉ። በደርግ ዘመን የወሎን ዜማ በመድረክ ያቆየው ደሴ የነበረው የላሊበላ ኪነት ቡድን ነው፤ የአምባሰል ንግሥት ማሪቱ ለገሰም የወጣችው ከዚያው ነው።

ወሎዬ ባንድ በዚህ ስልት ሲጫወት የሚፈተነው በሚመታው ድምፅ ብቻ ሳይሆን በሚተወውም ነው። ከዶ ተነስተን ብንቃኝ፣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ የወረደ ነው)። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሲሆን፣ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው።

አምባሰል ውስጥ ሚ የለም፤ ሚ ፍላትም የለም። ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋቹ በልማድ ዶ ሜጀር ወይም ዶ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በያዘ ቅጽበት ቅኝቱ ይፈርሳል፤ ሶል ሰቨንዝ የሚባለውን ኮርድ ቢጨምርማ ሲና ሬ ገብተው ጨርሶ ሌላ ዘፈን ይሆናል። ከራሱ ከቅኝቱ የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች ሬ ፍላት ሜጀርና ፋ ማይነር ናቸው። ዶ ላይ ለማረፍ ዶ፣ ፋና ሶልን ብቻ መያዝ ይበቃል። ባሱም እነዚህኑ ሦስቱን እየተመላለሰ ፈንኩን ይሸከማል፤ የመጀመሪያውን ምት አጥብቆ መርገጥ እንጂ ድምፅ ማብዛት አይጠበቅበትም። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ያስቸግራል፤ ማሲንቆ መቺው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በዚህ ጊዜ ኪቦርዱ ዝም ማለት አለበት።

ለነፋሾች ኖታ ሲጻፍ ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን ሬ ብለው የሚነፉት ዶ ሆኖ እንደሚሰማ፣ አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ላ ሲነፋ ዶ እንደሚወጣ መርሳት አይገባም። አምባሰል ከዶ ሲሆን ለትራምፔት ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት ተብሎ ይጻፋል።

ሁለተኛው ፈተና ምት ነው። የላቲኑ ክላቬ፣ ማለትም ዘፈኑን የሚመራው ተደጋጋሚ አምስት ምት፣ አንዱን የ4/4 ባር (የአራት ምት ክፍል) ለ16 ከፍሎ 1ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውንና 13ኛውን ይመታል። የእስክስታው ምት ችክችካ ግን 6/8 ስለሆነ እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል። ድራመሩ ሁለቱን ለማስታረቅ መሐል መሐሉን ሲሄድ ላቲኑም ይጠፋል፣ እስክስታ ወራጁም ይሰናከላል። የሚያዋጣው ችክችካውን ሳይነኩ ክላቬውን ወደ 12 ክፍያ ማምጣት ነው፤ ከሁለቱ የ6/8 ባሮች 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው ይመታሉ። ከበሮው የሦስቱን ክፍያ ይይዛል፣ ኮንጋው ክላቬውን ይከተላል።

የአየሩም ነገር አለ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ቆላ ወርዶ የተጫወተ ባንድ በማግስቱ ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ብርድ ሲያገኘው ቃናው ይለወጣል። በነፋስ መሣሪያ ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ድምፁ በ3 ሴንት ያህል ይወርዳል፤ 100 ሴንት ግማሽ ድምፅ ነው። የጊታር ብረት ክር ግን ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ይወጣል፤ ሁለቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ ማለት ነው። የክራር ቆዳ ደግሞ በክረምቱ ጉም እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድልድዩ ይሰምጣል፣ ክሮቹም ይወርዳሉ። ስለዚህ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ በትንፋሽ ሳይሞቁ መቃኘት ከንቱ ድካም ነው፤ ክራሩም ከሣጥኑ ወጥቶ የአዳራሹን አየር እስኪለምድ መቆየት አለበት። በባንዱ ውስጥ ዋሽንት ካለ ቀዳዳው አንዴ ስለተበሳ ማስተካከያ የለውም። ዋሽንተኛው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ይዞ ይመጣል፤ ለዘፈኑ የሚሆነውን መርጦ ከነፋ በኋላ ኪቦርዱን ጨምሮ ሁሉም የሚቃኘው ከእሱ ነው።