የኮራል መንጣት ምንድን ነው? ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ስለ ቀይ ባሕር ሲያወሩ «ኮራሉ ነጥቷል፣ ሞቷል፣ በቃ» አሉ። ቀጠሉና «ሙቀት ነው የገደለው፤ ከተሞቹ ምን ያድርጉ?» አሉ። ሻዬን አስቀመጥኩ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር።

የምሠራው ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቃችን ውስጥ ሪፍ (ኮራሎች ከአጥንታቸው የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋይ) የሚሠራ ኮራል የለም፤ እሱ የሚኖረው ጨዋማ ባሕር ውስጥ ብቻ ነው። ከተማ ውሃን የሚጎዳበት መንገድ ግን እዚህም እዚያም ይመሳሰላል። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያንገበግበኝ።

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አከራይና ተከራይ በሏቸው። ተከራዩ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ኪራዩንም በምግብ ይከፍላል። አከራዩ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኘው ከዚህ ኪራይ ነው። የኮራሉ ቀለምም በአብዛኛው የተከራዩ ነው። ውሃው በዓመቱ ከሁሉ ሞቃት በሆነው ወር በተለምዶ ከሚደርስበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ሲቆይ ተከራዩ አከራዩን የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራል። አከራዩ ያስወጣዋል። ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ነጭ አጥንት ፍጥጥ ብሎ ይታያል። መንጣት ይኼ ነው።

አከራዩ ግን በሕይወት አለ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ተከራይ ይገባል፣ ቀለሙም ይመለሳል። ከሰነበተ በረሃብ ይሞታል። የሞተ ኮራል ደግሞ ነጭ ሆኖ አይቆይም። ሌላ አልጌ ይወርሰውና ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ነጭ ሁሉ የሙቀት ነው ማለትም አይቻልም፤ በሽታም ሥጋውን በልቶ ነጭ አጥንት ይተዋል።

አሁን ወደ ከተማው። ዳርቻው ሲቆፈር፣ ወደብ ለመርከብ ጥልቅ እንዲሆን ሲዛቅ፣ ባሕር በአፈር ተሞልቶ መሬት ሲሆን ደለል ይነሳል። ደለሉ የተከራዩን መስኮት በጭቃ ይመርጋል። ብርሃን ከሌለ ምግብ የለም። ኮራሉም ጭቃውን ከላዩ ለማራገፍ ንፍጥ ሲያመነጭ ያለችውን ጉልበት ይጨርሳል። ጨቅላ ኮራሎችም ጠንካራ ድንጋይ ላይ እንጂ ደለል ላይ ተጣብቀው ማደግ አይችሉም። የሽንት ቤት ፍሳሽ ጉዳቱ ሌላ ነው። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛለት ተከራዩ ይደላዋል፣ ይባዛል፣ ኪራይ ግን ይቀንሳል። እንዲህ የከረመ ኮራል ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ይነጣል። ሙቀቱ ሲያልፍም ለመነሳት አቅም የለውም።

«ከተሞቹ ምን ያድርጉ?» ላሉት ሰው መልስ አለኝ። ሃዋይ ውስጥ ካኔኦሄ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ለዓመታት የፍሳሽ ቆሻሻ ሲለቀቅበት አረንጓዴ አልጌ ኮራሉን ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ፍሳሹ ወደ ጥልቁ ባሕር እንዲዞር ተደረገ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አልጌው ቀነሰ፣ ኮራሉም አገገመ። ባሕሩን ማንም አላቀዘቀዘውም። ቱቦው ብቻ ነው የዞረው።

አንድ ነገር ካላልኩ ግን የሙያ ጓደኞቼ ይወቅሱኛል። ድፍርስ ውሃ ሁሉ የሞተ አይደለም። አባያ ሐይቅ የቀላው በተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር ነው፤ ዓሣውም አዞውም ይኖርበታል። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉም ንጹሕ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ፍሎራይድ ለዓይን አይታይም፣ ጥርስ ላይ ግን ይታያል። ኮራል ከአባያ ዓሣ የሚለየው ብርሃን ለእሱ እንጀራው ስለሆነ ነው።

ውሃው ምን ያህል ጥርት እንዳለ ስንለካ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሌዳ በገመድ ከጀልባ እናወርዳለን። ዝናብ ካባራ በኋላ ከከተማው የሚመጣ ቦይ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ አውርዱት። ቡና የመሰለው ውሃ ገና ከላይ ይውጠዋል። ጀልባዋን ወደ መሐል ቀዘፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ገመዱ እጃችሁ ውስጥ እየሮጠ ሰሌዳው ገና ይታያል። ቦዩ አፍ ላይ ኮራል ቢኖር ኖሮ ተከራዩ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ነበር።