ኢኮሎጂካል ኢንቴንሲፊኬሽን ምንድን ነው?

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። በከረጢትና በጀሪካን ተገዝቶ ይሠራ የነበረውን ሥራ፣ የተቻለውን ያህል፣ ሰብሉ ራሱ፣ ከብቱና አፈር ውስጥ ያለው ፍጥረት እንዲሠሩት ማድረግ ነው። ምርት ሳይቀንስ ታዲያ! ብዙ ሰው ከኦርጋኒክ እርሻ ጋር ያምታታዋል። እዚህ ማዳበሪያም ፀረ አረምም አልተከለከለም፤ የሚገባው የጎደለውን ለመሙላት ብቻ ነው።

በደንብ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ያለው የማርስደን እርሻ ነው። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት አይነት የሰብል ፈረቃ ጎን ለጎን ዘሩ። የመጀመሪያው የአካባቢው ገበሬ የለመደው ነው፤ አንድ ዓመት በቆሎ፣ አንድ ዓመት አኩሪ አተር፣ ከዚያ እንደገና በቆሎ። ሁለተኛው አጃና ቀይ ክሎቨር (የኛው ማገጥ ዘመድ) ተጨምሮበት በ3 ዓመት ይዞራል። ሦስተኛው በክሎቨሩ ፋንታ አልፋልፋ (የከብት መኖ ነው) ገብቶበት 4 ዓመት ይፈጃል። በሁለቱ ረጃጅም ፈረቃዎች ፍግም ይበተናል።

በተለመደው ፈረቃ በቆሎው ገና ሲዘራ ማዳበሪያ ያገኛል። በረጃጅሞቹ ግን ክሎቨሩ፣ አልፋልፋውና ፍጉ ለአፈሩ ናይትሮጅን ስለሚሰጡ፣ በቆሎው 30 ሳንቲሜትር ገደማ እስኪደርስ ይጠበቅና አፈሩ ተመርምሮ ናይትሮጅን ካነሰው ብቻ ይጨመርለታል። ፀረ አረሙም የሚረጨው በመስመሩ ላይ ብቻ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው አረም በማሽን ይኮተኮታል።

እኔን የገረመኝ የአረሙ ጉዳይ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር የሚዘሩት በተቀራራቢ ጊዜ ስለሆነ አረሙ ሰዓቱን ለምዶታል። አጃ ቀድሞ ሲዘራ፣ አልፋልፋ ደግሞ በዓመት ደጋግሞ ሲታጨድ አረሙ ዘር ሳይጥል ይቆረጣል። የወደቀውንም ዘር ክሎቨሩ ሥር የተደበቁ አይጦችና ፌንጣ መሰል ነፍሳት ይለቅሙታል። ያለ ደሞዝ!

ከ2003 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) በረጃጅሞቹ ፈረቃዎች በቆሎው በአማካይ 4 በመቶ፣ አኩሪ አተሩ 9 በመቶ ብልጫ አሳየ። ትርፉ አልቀነሰም። በወንዝና በሐይቅ ውሃ ላይ የሚደርሰው መርዛማነት ደግሞ መቶ እጥፍ ገደማ ወረደ። ጣጣው ጉልበት ነው፤ ሥራው ይበዛል፣ ለአጃው ገዢ፣ ለአልፋልፋው ደግሞ ከብት ያስፈልጋል፣ እዚያ እህል የሚያመርተው አብዛኛው ገበሬ ደግሞ ከብት ማርባት ትቷል።

እኛ ጋ ከብቱ አለ። አርሲና ባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲዘራ ስናር የሚባለው አረም እንደሚያስቸግር፣ ባቄላ በከረመበት ማሳ ላይ ደግሞ ስንዴው እንደሚያምር ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ባቄላውን በየደጋው ቆርምድ የሚባለው በሽታ ይመታዋል። መኖ ልዝራ ቢል ከአጨዳ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መዋያ ነው። ፍጉም ቢሆን ብዙው ኩበት ሆኖ ይነዳል።